ሁለት ባላ ለአንድ ችግኝ

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ተረቱ። የችግኝ በሽታን በኬሚካልና በሕያው መከላከያ አጣምሮ ስለ መዋጋት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ይህንኑ ነው፤ መድኃኒቱ ካልሠራ ጠቃሚው ፈንገስ ይሠራል፣ እሱም ካልሠራ መድኃኒቱ አለ። ተረቱ ለጎጆ ቤት እውነት ነው። ለዘር ግን አይሠራም፤ ቢያንስ እንዲህ እንደተባለው አይሠራም። ሁለቱን ማጣመር የሚያዋጣው አንዱ የሌላው መጠባበቂያ ስለሆነ ሳይሆን የሥራ ሰዓታቸውም፣ የሥራ ቦታቸውም፣ የሚያባርሩት ጠላትም ስለሚለያይ ነው። ይህ ልዩነት ሳይታወቅ የተጣመረ እንደሆነ ገበሬው ለሁለት ነገር ከፍሎ አንዱን በሌላው ይገድላል።

በሽታው ሲያዩት ቀላል መልክ አለው። ዘሩ አፈር ውስጥ በስብሶ ይቀራል፤ ወይም ብቅ ብሎ ሁለት ቅጠል ካወጣ በኋላ አፈር በሚነካው አንገቱ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ቡናማ ቁስል ይይዘዋል፣ ግንዱ እንደ ክር ይቀጥናል፣ ማታ ቆሞ የታየው ጠዋት ተኝቶ ይገኛል። በበርበሬ፣ በቲማቲም ወይም በቡና ችግኝ መደብ ላይ የሠራ ሁሉ ያንን ክብ ሆኖ የሚሰፋ ባዶ ቦታ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ዘሩ ወይም ዘሩን የሸጠው ነጋዴ ነው፤ ጥፋተኞቹ ግን አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝተው የሚጠብቁ ደቂቅ ሕዋሳት ናቸው። ከዋነኞቹ መካከል ፒቲየም፣ ራይዞክቶኒያና ፉዛሪየም ይገኛሉ። በአንድ አፍ «ሻጋታ» ብንላቸውም ጠባያቸው ለየቅል ነው። ፒቲየም ውሃ የተኛበትን አፈር ይወዳል፤ ጥጥን በመሰለ ሙቀት ወዳድ ሰብል ላይ ደግሞ አፈሩ ሲቀዘቅዝና ዘሩ ሲዘገይ ይበረታል። ራይዞክቶኒያ ሞቅ ባለ አፈርም ይሠራል፣ ዘሩን ብቻ ሳይሆን ሳምንታት የሆነውንም ችግኝ አንገቱን ይቀጨዋል። አንድ ነገር ልጨምር፤ ፒቲየም በዛሬው አመዳደብ እውነተኛ ፈንገስ አይደለም፣ በዘር ሐረግ የሚቀርበው ለቡናማ የባሕር አልጌዎች ነው። ይህ የምሁራን ፀጉር ስንጠቃ ይመስላል፤ ሆኖም የትኛው መድኃኒት ከየትኛው ሕያው መከላከያ ጋር ይስማማል ለሚለው ጥያቄ ቁልፉ ያለው እዚህ ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንቁጠር። ደረቅ ዘር ውሃ መጠጣት ሲጀምር ስኳር፣ አሚኖ አሲድና የቅባት አሲዶች ወደ አፈሩ ያፈሳል። ይህ ፍሳሽ ለፒቲየም «ቡና ጠጡ» እንደተባለ ጎረቤት ነው። ተኝቶ የነበረው ስፖር በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይነቃና ክሩን ወደ ዘሩ ይሰዳል፤ ሁኔታው ከተመቸው ቀኑ ሳይሞላ የዘሩን ሽፋን ይወርሳል። በዘሩ ላይ የተቀባው ጠቃሚ ፈንገስ፣ ለምሳሌ ትራይኮደርማ፣ እሱም ራሱ ደርቆ የተለጠፈ እንቅልፋም ስፖር ነው። ነቅቶ፣ ክሩን ዘርግቶ፣ ሥሩን እስኪያለብስ ጊዜ ይፈልጋል፤ አፈሩ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይብሱን ይዘገያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጠላት ነቅቷል፣ ዘበኛው ግን ገና ዓይኑን እያሸ ነው። ኬሚካሉ እንቅልፍ አያውቅም፤ እርጥበት እንዳገኘው ይሟሟና በዘሩ ዙሪያ ይሰፍራል። ድክመቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዘሩ ላይ የተለወሰው መድኃኒት መጠኑ ጥቂት ነው፣ በአፈር ውስጥ ይበተናል፣ ይፈርሳል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አያድግም። የሥሩ ጫፍ በየቀኑ ወደ ታች ሲሄድ መድኃኒቱን ከኋላው ትቶት ይሄዳል። ትራይኮደርማ ግን ከሥሩ ጋር አብሮ ያድጋል። አንዱ ዘበኛ የመጀመሪያውን ሌሊት፣ ሌላው የሚቀጥሉትን ሳምንታት ይጠብቃሉ ማለት ነው።

ይህ ግምት ብቻ እንዳልሆነ በደንብ የታየው በአሜሪካ የጥጥ እርሻ ነው። በደቡባዊ ግዛቶች ገበሬው ጥጡን ቶሎ ለመዝራት ስለሚሽቀዳደም ዘሩ ብዙ ጊዜ ገና ባልሞቀ አፈር ውስጥ ይወድቃል፤ ጥጥ ደግሞ የሙቀት ልጅ ነው። በቴክሳስ ኮሌጅ ስቴሽን የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ተመራማሪ የነበሩት ቻርልስ ሃወል ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ትራይኮደርማ ቫይረንስ የሚባለውን ፈንገስ ነው። ቀድሞ የነበረው እምነት ይህ ፈንገስ ጠላቱን ጠምጥሞ ይበላዋል ወይም በመርዝ ይገድለዋል የሚል ነበር። ሃወል ይህን እምነት በቀላል መንገድ ፈተኑት፤ መርዙን የማያመነጩ፣ ሌላውን ፈንገስ መጠምጠም የማይችሉ ልውጥ ዓይነቶችን አዘጋጅተው ዘር ላይ ቀቡ። ችግኞቹ አሁንም ከራይዞክቶኒያ ተጠበቁ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከባልደረቦቻቸው ጋር ያወጡት ጥናት ምክንያቱን አሳየ፤ ትራይኮደርማው የጥጡን ሥር እየቀሰቀሰ ተርፔኖይድ የሚባሉ የመከላከያ ውህዶችን እንዲያመርት ያደርገዋል፣ የሚዋጋው ተክሉ ራሱ ነው። በፒቲየም ላይ ያለው ስልት ደግሞ ሌላ ሆኖ ተገኘ። እዚያ ዋናው ነገር ከዘሩ የሚወጣው ፍሳሽ ነው፤ ጠቃሚው ፈንገስ ፒቲየምን የሚቀሰቅሰውን ነገር ቀድሞ ይበላውና ጥሪው ሳይሰማ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሽሚያ በሰዓታት የሚወሰን እሽቅድምድም ስለሆነ ነው ፒቲየም ላይ የኬሚካል ድጋፍ የሚያስፈልገው። ሥርን ማስነሳት ግን የሳምንታት ሥራ ነው፣ ራይዞክቶኒያም የሚመጣው በእነዚያ ሳምንታት ነው። የሃወል ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው የመስክ ሙከራም ፈንገሱን ብቻውን ሳይሆን ከዘር መድኃኒቶች ጋር አጣምሮ የፈተነ ነበር።

ጥምረቱ ራሱ አዲስ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሪቻርድ ዌይንድሊንግ በካሊፎርኒያ ትራይኮደርማ ራይዞክቶኒያን እንደሚጠመጥመውና እንደሚገድለው ጻፉ፤ በ1936 ከሃዋርድ ፎሴት ጋር በብርቱካን ዘመዶች ችግኝ ላይ ሲሠሩ ደግሞ ፈንገሱን አፈር ላይ በትነው አልተዉትም፣ አፈሩን ወደ አሲድነት አዘንብለው እንዲመቸው አደረጉ። ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ዶናልድ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1951 ያሳተሙት ግኝት ነው። ጉዳዩ ችግኝ ሳይሆን አርሚላሪያ የሚባል የዛፍ ሥር አበስባሽ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለችግኝም ይጠቅማል። የካሊፎርኒያ አትክልተኞች ይህን በሽታ ካርቦን ዳይሰልፋይድ አፈር ውስጥ በመውጋት ያጠፉ ነበር፣ ሁሉም የሚያምነው ጋዙ ገደለው ብሎ ነው። ብሊስ ጠጋ ብለው ሲያዩ አርሚላሪያው ጋዙ እንደገባ አልሞተም፤ የሞተው ሰነባብቶ፣ ትራይኮደርማ ከወረሰው በኋላ ነው። ትራይኮደርማ በሌለበት አፈር ውስጥ ያው ጋዝ ያንን ውጤት አላመጣም። ኬሚካሉ አቆሰለ፣ ሕያው ፍጡሩ ጨረሰ። ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ሲያጣምር ኖሯል፤ ሂሳቡ ግን ሁሉ ለኬሚካሉ ይጻፍ ነበር።

ከዚህ ሌላ ዓይነት ጥምረት ይወጣል፤ መድኃኒቱን ለመግደል ሳይሆን ለማዳከም በሚበቃ መጠን መጠቀም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በኮሎራዶና በእስራኤል የተካሄዱ ሙከራዎች ይህንን መንገድ ተከትለዋል። የእስራኤሎቹ ሙከራ በተለይ ትኩረት የሚስበው ሜቲል ብሮማይድ በሚባለው ጋዝ ላይ ስለተሠራ ነው። ይህ ጋዝ አፈሩን ባዶ ቤት ያደርገዋል፤ ጠላቱንም ወዳጁንም ጠርጎ ያወጣል፣ ባዶውን ቤት የሚይዘው ደግሞ ቀድሞ የገባው ነው። ቀድሞ የገባው በሽታ አምጪው ከሆነ ሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው ይብሳል። ስለዚህ በቀነሰ መጠን ጋዝ ሰጥቶ ወዲያው ትራይኮደርማን ማስፈር ቤቱን ለወዳጅ እንደ ማከራየት ነው። ሜቲል ብሮማይድ የኦዞን ሽፋንን ስለሚጎዳ በሞንትሪያል ስምምነት ከእርሻ እንዲወጣ ተደርጓል፤ ለበለጸጉ አገሮች ቀነ ገደቡ እ.ኤ.አ. 2005፣ ለታዳጊዎቹ 2015 ነበር። ጋዙ ቢቀርም ስለ ባዶው ቤት የተገኘው እውቀት አልቀረም፤ የችግኝ መደብን አፈር በፀሐይና በላስቲክ የሚያሞቅ ሰው ዛሬም ያው ጥያቄ ይገጥመዋል።

«መድኃኒቱ የሚሠራ ከሆነ ምን አደከመን?» የሚል ተቃውሞ አለ፣ ተገቢም ነው። መልሱ ሜታላክሲል በሚባለው መድኃኒት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ገበያ ሲወጣ በፒቲየምና በዘመዶቹ ላይ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ ዘር ላይ በጥቂቱ ተለውሶ ወደ ችግኙ ውስጥ ይገባል። ነገር ግን የሚመታው የጠላቱን አንድ የሥራ ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ላይ አንዲት ትንሽ ለውጥ ያመጣ ሁሉ ያመልጣል። በ1980 በአየርላንድና በኔዘርላንድስ የድንች ማሳዎች ላይ የፒቲየም ዘመድ የሆነ፣ መድኃኒቱን የለመደ የድንች ምች ተነሣ፤ በኋላም የለመዱ የፒቲየም ዓይነቶች በተለያየ ቦታ ተገኙ። ትራይኮደርማ በአንዲት ቁልፍ የሚሠራ መሣሪያ አይደለም፤ ምግብ ይሻማል፣ ሥር ያስነሣል፣ ቦታ ይይዛል። ከመድኃኒቱ ያመለጠውን እሱ ካስቀረው የለመደው ዝርያ የመብዛት ዕድሉ ይጠባል። ደግሞም ሜታላክሲል ራይዞክቶኒያን አይነካም። ምክንያቱ ቀደም ሲል የጠቀስኩት የዘር ሐረግ ነው፤ ፒቲየም እውነተኛ ፈንገስ ስላልሆነ እሱን የሚመታ መድኃኒት እውነተኛ ፈንገሶችን ሳይነካ ያልፋል። ይህ ጉድለት የሚመስለው ነገር ለጥምረቱ ሲሳይ ነው፤ ትራይኮደርማም እውነተኛ ፈንገስ ስለሆነ ከሜታላክሲል ጋር በሰላም ያድራል።

ቤኖሚል ላይ ስንደርስ ታሪኩ ይገለበጣል። ቤኖሚልና ዘመዶቹ እውነተኛ ፈንገሶችን የሚመቱ ናቸው፣ ትራይኮደርማንም አብረው ይረሽኑታል። በሜሪላንድ ቤልትስቪል ጆርጅ ፓፓቪዛስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1982 ቤኖሚልን የሚቋቋሙ የትራይኮደርማ ዓይነቶችን በጨረር ፈጥረው አሳይተዋል፤ ግን እንዲህ ያለ ዓይነት በእጁ የሌለው ገበሬ ሁለቱን ቢቀላቅል ገንዘቡን አፈር ውስጥ ቀበረ ማለት ነው። የባክቴሪያ መንገድ ከዚህ ይቀላል። ባሲለስ ሰብቲሊስ የሚባለው የአፈር ባክቴሪያ ስለሆነ ብዙዎቹ ፀረ-ፈንገስ መድኃኒቶች ግድ አይሰጡትም፤ ስፖሩ ደግሞ ድርቀትንም ሙቀትንም የሚችል ጠንካራ ነው። መጀመሪያ ከአውስትራሊያ አፈር ከተገኘ ዝርያ የወጣ አንድ ባሲለስ «ኮዲያክ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ የጥጥ ዘር ላይ በስፋት የተቀባው በዚህ ምክንያት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይቀባ የነበረው ከኬሚካል መድኃኒቶች ጋር ነበር፣ በእነሱ ፈንታ አልነበረም። በዓለም ላይ ትልቅ የገበያ ስኬት ካገኙት የሕያው ዘር መከላከያዎች አንዱ ያሸነፈው ኬሚካሉን አባርሮ ሳይሆን ከጎኑ ቆሞ ነው።

ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከራሳቸው ከተመራማሪዎቹ ነው። ሕያው መከላከያዎች ላቦራቶሪ ውስጥ ያበራሉ፣ ማሳ ላይ ግን አንድ ዓመት ሠርተው ሌላ ዓመት ይጠፋሉ፤ ከኬሚካሉ ጋር ሲጣመሩም ብዙ ጊዜ ኬሚካሉ ብቻውን ካመጣው ውጤት የሚለያቸው ነገር አይታይም። ይህ እውነት ነው፣ መካድም አያስፈልግም። ነገር ግን አፈሩ ሞቆ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ ዘሩ ጥሩ ሆኖ በተዘራበት ዓመት ምንም ያልተቀባው ዘር ኬሚካል ከተቀባው ጋር እኩል ይበቅላል። የእነዚህን ዓመታት ውጤት ከመጥፎዎቹ ዓመታት ጋር ደምሮ አማካዩን መውሰድ ጃንጥላን በፀሐይ ቀናት መመዘን ነው። ጥያቄው መሆን ያለበት ዝናቡ በተከታታይ ቀናት ወርዶ፣ ቀዝቅዞ፣ ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ ተከታትለው በመጡበት ማሳ ምን ሆነ የሚል ነው። ይህን ካልኩ በኋላ ለተቃዋሚዎቹ አንድ ነገር እለቃለሁ፤ በሽታው እምብዛም በማይገባበት ማሳ ለሁለት መከላከያ መክፈል ከንቱ ወጪ ነው። ማጣመር የሁሉ ሰው ግዴታ ነው ብሎ የሚሸጥ ነጋዴን አልደግፍም።

ከሌላው ወገን «ሕያው ነገር ካለ ኬሚካል ለምን?» የሚሉ አሉ። የሰዓቱ ነገር አንዱ መልስ ነው። ሁለተኛው፣ ተፈጥሯዊ የሆነ ሁሉ ገር አይደለም። ሃወል የሠሩበት ፈንገስ የሚያመነጨው ግሊዮቶክሲን ለእንስሳ ሕዋስም መርዝ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በአየርላንድና በብሪታንያ፣ ቆይቶም በሰሜን አሜሪካ የእንጉዳይ እርሻዎችን ያወደመው አረንጓዴ ሻጋታ ራሱ የትራይኮደርማ ወገን ነበር። ሕያው መከላከያም እንደ መድኃኒቱ ዓይነቱ ታውቆ፣ ተፈትኖ፣ ተመዝግቦ መግባት ያለበት ነገር ነው። ለዚህ ወገን የምሰጠው ሌላ ነገር አለ፤ ከሁለቱም በፊት የሚመጣ ሥራ አለ። በደጋ ዋልካ አፈር ላይ የባቄላን ሥር የሚያጠቁረው የፉዛሪየም በሽታ የሚበረታው ውሃው ሲተኛ ነው፤ መደብ አውጥቶ፣ ቦይ ቀዶ ውሃውን ያስወጣ ገበሬ ከየትኛውም ፓኬት የሚበልጥ ነገር ሠርቷል። መደቡን አራርቆ የዘራ፣ ማታ ሳይሆን ጠዋት ያጠጣ አትክልተኛም እንዲሁ። ውሃ በተኛበት አፈር ላይ ሁለቱን መከላከያ መደራረብ የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ባልዲ እንደ መደርደር ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ጉዳይ ሳይታሰብ የተነሣው በጥራጥሬ በኩል ነው። ለባቄላ፣ ለሽምብራ፣ ለምስርና ለአኩሪ አተር ሪዞቢየም የሚባለው ናይትሮጅን ሰጪ ባክቴሪያ እንደ ሕያው ማዳበሪያ በትንንሽ ከረጢት ይታደላል፣ ይሸጣል። ሪዞቢየም በሽታ ተከላካይ ሆኖ አይደለም የሚመጣው፤ ነገር ግን ሕያው ነው፣ በዘሩ ላይ ይለጠፋል፣ እዚያ ደግሞ መድኃኒት ቀድሞት ሊቀመጥ ይችላል። ታይራምና ካፕታንን የመሳሰሉ የቆዩ የዘር መድኃኒቶች ሪዞቢየምን ሊገድሉ እንደሚችሉ ከረጅም ጊዜ ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ጉዳቱ እንደ መድኃኒቱ፣ እንደ ባክቴሪያው ዝርያና እንደ ቆይታው ይለያያል። ፀረ-ፈንገስና ፀረ-ነፍሳት በአንድ የተቀላቀለባቸው የዘር ዱቄቶችም በአገሪቱ ይሠራባቸዋል። ሁለቱን በአንድ ባልዲ አበጥብጦ ዘሩን የለወሰ ገበሬ ሥር ላይ የሪዞቢየምን ቋት ሳያይ ቢቀር ጥፋቱን የሚጥለው በማዳበሪያው ላይ ነው፣ የገደለው ግን የራሱ ባልዲ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ውድ አይደለም። መድኃኒቱ ቀድሞ ይለወሳል፣ ይደርቃል፤ ባክቴሪያው በመጨረሻ፣ በጥላ ሥር፣ በስኳር ውሃ ተለጥፎ፣ ቶሎ እርጥብ አፈር ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱና ባክቴሪያው የማይስማሙ ከሆነ ደግሞ ባክቴሪያውን ዘሩ ላይ ሳይሆን በፈሩ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ በአንድ ጣት ርቀት ጠላትነት ይረሳል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው የሱቁ ጉዳይ ነው፣ በእኔ ግምት ብዙው ሐሳብ የሚፈርሰውም እዚያ ነው። ኬሚካሉ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ባለ መደርደሪያ ላይ ወራት ቢቀመጥ ብዙ አይለወጥም። ከጎኑ የተቀመጠው የትራይኮደርማ ወይም የሪዞቢየም ከረጢት ግን በዚያ ሙቀት ቀስ በቀስ ይሞታል፤ ሞቶም በመልኩ፣ በጠረኑ፣ በክብደቱ ከሕያው አይለይም። ገበሬው ሊያየው የሚችለው ከረጢቱ ላይ የታተመውን የምርት ቀን፣ የማብቂያ ቀንና በአንድ ግራም ውስጥ ያለውን የሕያዋን ቁጥር ብቻ ነው፤ እነሱም ቢሆኑ እውነት የሚሆኑት ከረጢቱ ከፋብሪካው እስከ ሱቁ በቀዝቃዛ ቦታ የተጓዘ እንደሆነ ነው።